የጅማ ወንዞች በየወሩ ለምን ቀለም ይለውጣሉ? ስለ አዌቱ፣ ቦዬና ግልገል ጊቤ ጥያቄና መልስ

በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ የልማት ሠራተኛ ሆኜ በእግሬ፣ በኋላ የተፋሰስ ባለሙያ ሆኜ ግማሹን ክረምት ጭቃ ውስጥ በምትቆም መኪና። ባለፈው ሳምንት «ስለ ወንዞቻችን የምትጠይቁት ካለ ጠይቁ» አልኩ። አራት አምስት ጥያቄ ይመጣል ብዬ ነበር፤ የመጣው ግን ማታ ማታ ሻማ የሚያስጨርስ ሆነ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ፤ ጠያቂዎችን በስም ሳይሆን በመጡበት ቦታ ጠርቻለሁ።

ጥያቄ (ከጅማ ከተማ)፦ ጋሼ፣ ልጆች ሳለን አዌቱ ውስጥ እንዋኝ ነበር። ዛሬ ድልድዩን የምንሻገረው አፍንጫችንን ይዘን ነው። ያበላሸው ገበሬው ነው ወይስ ከተማው?

ሁለቱም፣ ግን በተለያየ ወር። ድልድዩ ላይ ቆመህ ቀለሙን ተመልከት። ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ቀይ ከሆነ ከላይ ካሉት ተዳፋት ማሳዎች የታጠበ አፈር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወደ ገጠሩ ገባሮች ብትወጣ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ውሃ አረፋ ተሸክሞ ሲወርድ ታያለህ፤ ሽታው የከረመ ሊጥ ይመስላል። ያ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ዝናቡ ይጠፋል፣ ወንዙ ይቀጥናል፣ አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ሲወጣ ይጠቁራል። ይህኛው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የገበያ ቆሻሻና የመኪና እጥበት ነው፤ የከተማው የራሱ ሥራ።

ስለዚህ የካቲት ላይ ለሚሸተው ውሃ ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ማሳው ደርቆ ተቀምጧል። ሐምሌ ላይ ለሚቀላው ውሃም የከተማ ልብስ አጣቢ ተጠያቂ አይደለችም። በስብሰባ ላይ የምሰማው ጭቅጭቅ አብዛኛው ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ወራት ሲከራከሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የወንዝ ዳር ማስዋብና የወንዝ ውሃ ማጽዳት ሁለት ሥራ ናቸው። ዳሩ ላይ አበባ ተተክሎ ቱቦው ከአበባው ሥር ሲፈስስ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ ቡና ፍሬ ነው፣ መርዝ አይደለም። ልጣጩን ከብት ሲበላው አይተናል። የፍሬ ጭማቂ ዓሣ እንዴት ይገድላል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባለሙያዎችም የሚስቱት እዚሁ ላይ ነው። ፍሳሹ ዓሣውን የሚገድለው መርዞ ሳይሆን ትንፋሽ ነሥቶ ነው።

ውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። በጅማ ከፍታ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሊይዝ የሚችለው 7.4 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ብቻ ነው። ካለው ከፍታ የተነሣ ከባሕር ጠረፍ ወንዝ ጋር ሲነጻጸር ከመነሻው ድሀ ነን። የቡናው ዝልግልግ፣ ማለትም ከልጣጩ ሥር ፍሬውን የሚሸፍነው የሚያሟልጭ ነገር፣ ደግሞ ስኳር ነው። ባክቴሪያ ስኳር ሲያገኝ ይራባል፣ ሲራባ ኦክስጅን ይጨርሳል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ወፍራም የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ እስኪበሰብስ በሊትር ብዙ ሺህ ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። 5,000 ብለን እንያዝ። 5,000ን ለ7.4 ስናካፍል 675 ይመጣል። አንድ ሊትር ፍሳሽ የ675 ሊትር ንጹሕ ውሃ ትንፋሽ ይውጣል ማለት ነው። በቀን 10 ቶን እሸት ቡና የሚፈለፍል የድሮ ዓይነት ጣቢያ ለአንድ ቶን 10,000 ሊትር ቢጠቀም፣ በቀን 100,000 ሊትር ይለቅቃል፤ በሰከንድ ከአንድ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ያንን የሚችል ገባር በሰከንድ 780 ሊትር መፍሰስ አለበት። ኅዳር ላይ ከጫካ ሥር የሚወጣ ጅረት ይህን ያህል ከየት ያመጣል? የእኛ ትልቁ መከራ የወቅቱ ነገር ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ቡናው ይቀላል፣ ውሃው ሲያንስ ፍሳሹ ይበዛል።

አንድ ኅዳር በጎማ ወረዳ ከአንድ ማጠቢያ በታች ቆሜ ነበር። አንድ አዛውንት በቅሏቸውን ሊያጠጡ አመጧት። አፏን ወደ ውሃው አቀረበች፣ አሸተተች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ዞረች። ድንጋይ ገልብጬ አየሁ፤ ሥሩ እንደ ልጋግ በሚዝለገለግ ግራጫ ነገር ተለብጧል፣ አንድም የሚንቀሳቀስ ነፍስ የለበትም። አዛውንቱ ምንም ሳይናገሩ በቅሏቸውን እየሳቡ ሽቅብ ወጡ። ከጣቢያው በላይ ሲደርሱ ጠጣች።

ጥያቄ (ከጎማ፣ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት)፦ ሁልጊዜ እኛ እንወቀሳለን። ጉድጓድ ቆፍሩ ተባልን፣ ቆፈርን። በሁለት ሳምንት ይሞላል። ከዚያ ወዴት እናድርገው?

ወንድሜ፣ በግልጽ ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ። ብዙዎች የሞላውን ጉድጓድ በሌሊት ይከፍቱታል፤ አንተ ቀን ጠየቅህ።

ችግሩ «ጉድጓድ ቆፍሩ» ብለው የነገሩህ ሰዎች ከመጨረሻው መጀመራቸው ነው። ጉድጓድ የሚሞላው ውሃው ስለበዛ ነውና መጀመሪያ ውሃውን ቀንስ። የመፈልፈያውን ውሃ በዚያው ቀን መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ አጣርተህ በትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ መልሰው፣ ማታ ብቻ ልቀቀው። ዝልግልጉን በማሽን የሚፍቁት አዳዲስ መፈልፈያዎች ለአንድ ቶን እሸት ከ1,000 ሊትር በታች ይበቃቸዋል፤ የድሮው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ማሽን ለመቀየር ገንዘብ ከሌለህ መልሶ መጠቀሙ ብቻ የጉድጓድህን ዕድሜ ያራዝመዋል።

ሁለተኛ፣ ቀዩን ልጣጭ በውሃ አትሸኘው። ብዙ ጣቢያ ልጣጩን በቦይ ውሃ እየገፋ ወደ ክምሩ ይወስዳል። ያ ቦይ የሻይ ማፍያ ነው፤ ስኳሩ ሁሉ መንገድ ላይ ይሟሟል። ከመፈልፈያው ሥር በደረቁ ይውደቅና በጋሪ ወይም በአካፋ ይነሣ። የሠራተኛ ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ግን ልጣጩ ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህል ነው፤ በወቅቱ 200 ቶን ከፈለፈልክ 80 ቶን ልጣጭ አለህ። ያንን በውሃ ዘፍዝፈህ ከዚያ ውሃውን ማጽዳት እጥፍ ድካም ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጉድጓዱ። ያንተን ባላየውም በአብዛኛው ጣቢያ ያለውን አውቃለሁ፦ ከወንዙ ዳር፣ ከለሙ ሜዳ ላይ፣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ይቆፈራል፤ ምክንያቱም ፍሳሹ በራሱ ወደዚያ ይወርዳል፣ መሬቱም ለስላሳ ነው። እዚያ የተቆፈረ ጉድጓድ ባይሞላም በሥሩ ይሰርጋል። ከፍ ካለ ቦታ፣ ከሸክላማ አፈር ላይ፣ ሦስት ተከታታይ አድርገህ ቆፍር። በመጀመሪያው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅርፊት እየገፈፍክ አውጣ። ፍሳሹ ሲቦካ እንደ ኮምጣጤ ይኮመጥጣል፣ ሲኮመጥጥ የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን ራሳቸው ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ላይ ኖራ በትንበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠ ጥቁር ኩሬ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በቃ እንደ ኮመጠጠ ይቀመጣል።

ከሦስተኛው የሚወጣውን በቬቲቨር ሣር መደብ ውስጥ አሳልፈው። ይህ ሣር የኛው ነው ማለት ይቻላል፤ በ1960ዎቹ በጅማ ቡና ምርምር በኩል ገብቶ፣ ከዚህ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌላው ሀገር ተሠራጨ። ሥሩ እስከ ሦስት ሜትር ይወርዳል፣ ሌላ ሣር የሚቃጠልበትን ውሃ ይችላል።

አንድ ሌላ ምርጫ አለህ፤ ነጋዴ ስለሆንክ እንዳትቆጣ። ሁሉም እሸት መታጠብ የለበትም። የጅማ ቡና አብዛኛው ከጥንትም በፀሐይ የደረቀ ጀንፈል ነው። በአልጋ ላይ በጥንቃቄ የደረቀ ቡና አንዲት ጠብታ ውሃ አያቆሽሽም። ውሃው ባነሰበት ሳምንት የሚመጣውን እሸት ወደ ማድረቂያ አልጋ ማዞር ለወንዙ ትልቅ እረፍት ነው።

ጥያቄ (ከሊሙ ኮሳ)፦ ልጣጩ ለማዳበሪያ ይሆናል ወይስ አፈር ያቃጥላል?

ጥሬውን ማሳ ላይ ከበተንከው ያቃጥላል። ከፍግና ከደረቅ ቅጠል ጋር ከምረህ፣ በየሦስት ሳምንቱ ብትገለብጠው በሦስት በአራት ወር ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። ፖታሲየም ሞልቶበታል፤ ለቡናው ሥር መልሰው። ክምሩን ግን ጣሪያ ወይም የኮባ ቅጠል አልብሰው። ዝናብ የመታው የልጣጭ ክምር ራሱ ሁለተኛ ማጠቢያ ጣቢያ ነው።

ጥያቄ (ከሰርቦ)፦ ኤን ፒ ኤስና ዩሪያ ወንዝ ያበላሻል ይባላል። ታዲያ አንጠቀም ነው የምትሉን? በቆሎ ያለ ማዳበሪያ እንዴት ይሆናል?

አትጠቀሙ አልልም። በልቶ ያደረ ሰው ለገበሬ እንዲህ ማለት ነውር ነው። የምለው፣ የገዛችሁትን በቆሎው ይብላው እንጂ ወንዙ አይብላው ነው።

ሁለቱ ማዳበሪያዎች የሚጠፉበት መንገድ ይለያያል። የዩሪያው ናይትሮጅን ከውሃ ጋር ይሄዳል፤ በአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በገጹ ላይ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ከበተናችሁት ግማሽ ገንዘባችሁን በትናችኋል። ከፍላችሁ፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከአገዳው ትንሽ ርቆ በአፈር ሸፍኑት። የኤን ፒ ኤሱ ፎስፈረስ ግን ከውሃ ጋር ብዙ አይሄድም፤ ቀዩ አፈራችን አንቆ ይይዘዋል። ወንዝ የሚገባው አፈሩ ራሱ ሲታጠብ፣ በአፈሩ ጀርባ ተጭኖ ነው። ስለዚህ ፎስፈረስን የሚያድነው እርከን ነው። አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ ደግሞ ኖራ ሳትጨምሩ ማዳበሪያ መጨመር ለአፈሩ እንጂ ለሰብሉ መመገብ አይደለም።

አፈሩ መቼ ነው የሚሄደው ካላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ሰኔና ሐምሌ፣ ማሳው ታርሶ ልሙጥ ሆኖ ሰብሉ ገና ሳይሸፍነው በሚጥሉት ጥቂት ከባድ ዝናቦች ነው። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የታረሰ ተዳፋት ሐምሌ ላይ ዱቄት ነው። አዝመራው ደርሶ መስከረም ላይ የሚጥለው ዝናብ ያን ያህል አይጎዳም። የማሳው ታች ዳር ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር ብትተዉ አፈሩ እዚያ ቆሞ ያድራል፣ ሣሩንም ለላማችሁ ታጭዳላችሁ።

ጥያቄ (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒትስ?

እሱ በስሙ መርዝ ነው፣ እንደ ቡናው አይደለም። ከሁሉ የከፋው ርጭቱ ሳይሆን እጥበቱ ነው። የጀርባ መርጫውን ወንዝ ውስጥ ነክሮ የሚያለቀልቅ ወጣት በየሳምንቱ አያለሁ፤ ባዶውን ጠርሙስም እዚያው ይጥለዋል። ከማሳህ መሐል አለቅልቀህ እጥቢውን እዚያው ሰብሉ ላይ እርጨው። ቁርጥ ያለ መልስ ይኼው ነው፤ ወጪ የለውም፣ ሥልጠናም አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከዴዶ)፦ አባታችን ጨፌው ላይ ባሕር ዛፍ ተክለዋል። ምንጩ ደርቋል። ቁረጡት ብንላቸው «ባንክ ነው» ይላሉ። እውነት ባሕር ዛፍ ውሃ ያደርቃል?

አባታችሁ ባንክ ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ ሰው ሲታመም የሚቆረጠው እሱ ነው። እናንተም ልክ ናችሁ። ጨፌ ላይ ሥሩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ በበጋም ይጠጣል። ደጋ ላይ፣ ተራቁቶ ምንም በማያበቅል ኮረብታ ላይ ቢሆን አልቃወመውም።

ስለዚህ ቁረጡ አትበሏቸው፣ አዛውሩ በሏቸው። ከምንጩ ዙሪያ ያለውን በሚቀጥለው ሽያጭ ቆርጠው ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ያድርጉ፤ በምትኩ ኮረብታው ላይ ይትከሉ። ምንጩ ዙሪያ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ዘንባባ ይሁን። ዶቅማ ከወንዝ ዳር ጋር የኖረ ዛፍ ነው፣ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል። እንዲህ ተደርጎ ምንጭ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ባይመለስም እንጨቱ አይጠፋም።

ጥያቄ (ከጅማ ከተማ)፦ ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ ይባላል። እውነት ነው? ረግረጉ ምን ይጠቅመናል?

አለ። ማለዳ ከሄድክ ወፉም ብዙ ነው። ጥቅሙ ግን ለማየት ብቻ አይደለም። ቦዬ ከከተማው በታች ተቀምጦ አዌቱ ያመጣለትን ሁሉ የሚቀበል ወንፊት ነው። ውሃው ሲዘረጋ ይዘገያል፣ ሲዘገይ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ቄጠማው ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ይመገባል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግልገል ጊቤ የሚሄደው። ይህን ሥራ የሚሠራ የማጣሪያ ጣቢያ ልገንባ ብትል የከተማውን በጀት ይበላል።

ይህን ወንፊት ግን እየቀደድነው ነው። ለጡብ ሸክላ ይቆፈራል፣ ለእርሻ ይንጣፈፋል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። ኪቶና ቆፌ የተባሉት ረግረጎችም እንዲሁ። ጡብ ሠሪውን አልጠላውም፤ የራሴ ቤት ግድግዳ ከዚያ የወጣ ጡብ ነው። ግን የመቆፈሪያ ቦታ ይከለል፣ ተቆፍሮ ያለቀው ይደልደል።

ጥያቄ (ከማና)፦ ኩሬ፣ ረግረግ፣ የሣር መደብ ትላላችሁ። ወባስ?

ሥጋቱ እውነት ነው። በግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ ወባ ከራቁት ይልቅ በርትቶ መገኘቱን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሆኖም የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ንጹሕ መሳይ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ፣ የተተወ የጡብ ጉድጓድ። ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ የሸፈነው ረግረግ ወይም የኮመጠጠ የቡና ፍሳሽ አይመቻትም። ፍሳሹ ሌላ ዓይነት ትንኝ ያራባል፣ እሷ ትነክሳለች እንጂ ወባ አታመጣም። ወባ ከፈራህ ከረግረጉ በፊት የጡብ ጉድጓዱን ድፈን።

ጥያቄ (ከሰኮሩ)፦ ግድቡ አጠገብ ነን። ከላይ ያሉት አፈር ያጥባሉ፣ ግድቡ ይሞላል፣ መብራቱ ለሌላ ይሄዳል። ከላይ ያለው ገበሬ ለምን ብሎ ይደክማል?

ጥያቄህ የሁሉ ቁልፍ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ያው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ ጊቤ ሁለት ላይ 420 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ከጅማ ተራሮች በሚወርደው ውሃ ነው፤ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ተፋሰስ። በዚያ ተፋሰስ ውስጥ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ እርከን ሠርቶ ግድቡን ያድናል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

በሌላ ሀገር እንዲህ ተፈቷል። የኒውዮርክ ከተማ የሚጠጣው ውሃ አብዛኛው ከካትስኪል ተራሮች፣ ከከብት አርቢ ገበሬዎች መሬት ላይ ይመጣል። ከተማው በብዙ ቢሊዮን ዶላር ማጣሪያ ከመገንባት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኞቹ ነዋሪዎች ጋር ተስማምቶ ለገበሬው የፍግ ማጠራቀሚያና የወንዝ ዳር አጥር ወጪውን መሸፈን መረጠ። እስከ ዛሬም የዚያን ውሃ አብዛኛውን ሳያጣራ ያጠጣል። የኛ ሰው እስከ አሁን የሚሰጠው የነጻ ጉልበት ነው፤ በየጥሩና በየየካቲቱ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ በሰኔ ከብት ይረግጠዋል። ያለ ጥቅም የተሠራ እርከን ጠባቂ የለውም። ከኤሌክትሪኩ ገቢ ጥቂት ሳንቲም ወደ ላይ ቢመለስ ብዙ ይለወጣል የሚል እምነት አለኝ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ላብራቶሪ ሳይኖረን የወንዙን ጤንነት እንዴት እናውቃለን?

ድንጋይ ገልብጡ። ሙያዬ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህ ነው።

ውሃው በሚፈስበት፣ ጉልበት በማይደርስ ቦታ ግቡና ነጭ ሳህን ያዙ። እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንሡና ሥሩን በጣታችሁ እያሻችሁ ሳህኑ ውስጥ እጠቡት። ሦስት ክር የመሰለ ጭራ ያለው ጠፍጣፋ እጭ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከጠጠርና ከቅጠል ስባሪ ትንሽ ቤት ሠርቶ ተሸክሞ የሚሄድ ትል ካገኛችሁ፣ ውሃው ይተነፍሳል። እነዚህ ኦክስጅን ሲያንስ ቀድመው የሚጠፉ ናቸው። የደም ያህል ቀይ የሆነ ቀጭን ትል ብቻ ካገኛችሁ ውሃው ታሟል። ትሉ ቀይ የሆነው እንደኛው ደም ኦክስጅን የሚይዝ ነገር ስላለው ነው፤ ለዚህ ነው ሌላው ሲያልቅ እሱ የሚቀረው። አየር በረጅም ጭራው የሚስብ ትል ካያችሁ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ትንፋሽ የለም፤ ከላይ ነው የሚያመጣው።

የማሽን ቁጥር የዚያን ደቂቃ ብቻ ይነግራችኋል። ማጠቢያው ሌሊት ለቅቆ ቀን ቢዘጋ ማሽኑ ንጹሕ ይላል። ትሉ ግን ሌሊቱን እዚያው ነበር።

ለአፈሩ ደግሞ የላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ዝናብ በጣለ ማግስት ከአንድ ቦታ ሙሉት፣ ሳትነኩ አሳድሩት፣ ሥሩ የዘቀጠውን በማስመሪያ ለኩ። በየሳምንቱ፣ በዚያው ቦታ፣ በደብተር ጻፉ። ሁለት ክረምት የተሞላ ደብተር ይዛችሁ ወረዳ ብትገቡ ማንም «ግምት ነው» አይላችሁም።

ጥያቄ (እናት፣ ከቀርሳ)፦ ከምንጭ ነው የምንቀዳው። አፈላዋለሁ። ለልጄ ይበቃል?

እህቴ፣ ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሐዋስ ይገድላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አታቁሚ። ግን ማፍላት ናይትሬትንና የተባይ መድኃኒትን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራሉ። ምንጩ ከማዳበሪያ ማሳ ወይም ከበረት በታች ከሆነ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በዚያ ውሃ ወተት አትበጥብጪ። የዓለም ጤና ድርጅት ለናይትሬት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዲመረመር እንድትጠይቅ ንገሪያት። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ አዝቅጪው፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልዪው፣ ከዚያ አፍዪው። ምንጩን ራሱን ደግሞ ከብት እንዳይደርስበት አጥሩት፤ ለከብቱ ወደ ታች በቱቦ ገንዳ ይሠራለት።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ ሕግ የለም ወይ?

አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። በዚህ አዋጅ ማንም ሰው፣ የራሱ ጉዳት መሆኑን ሳያስረዳ፣ ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማመልከቻው ግን ከተማሪዎቹ ደብተር ጋር ሲሆን ያምራል።

ጥያቄ (ከጅማ ከተማ)፦ ሁሉን ብናደርግ ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አየዋለሁ?

አባቴ፣ የቡናውን ያዩታል። ፍሳሹ ዛሬ ቢቆም የሚቀጥለው ክረምት ወንዙን ያጥበዋል፣ ትሎቹ ከላይ ካለው ንጹሕ ገባር ተንሳፍፈው ይመለሳሉ፤ በአንድ ሁለት ዓመት በቅሎ ይጠጣል። የአፈሩ ይዘገያል። ወንዙ ሆድ ውስጥ የተከማቸው ደለል ከላይ አዲስ ባይመጣም ዓመታት ይንቀሳቀሳል። ናይትሬት ከከርሰ ምድር እስኪወጣ ደግሞ አሥር ዓመትም ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስት ዓመት ለውጥ አላሳየም ተብሎ ይዘጋል።

የሚያጽናናው ምሳሌ ከትግራይ ነው። አብርሃ ወአጽብሃ የተባለው መንደር ነዋሪዎቹ በድርቅ ምክንያት እንዲሰፍሩ ሊነሱ የነበሩ ናቸው። ኮረብታውን ከግጦሽ ከለሉ፣ ክትር ሠሩ፣ ጉድጓዳቸው ሞላ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሥራ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። እኛ ዝናብ ከእነሱ በእጥፍ እናገኛለን።

ጥያቄ (ከማና)፦ በመንደራችን ወጣቶች ነን፣ በደቦ መሥራት እንፈልጋለን። ወንዙ ትልቅ ነው። ከየት እንጀምር?

ከትልቁ ወንዝ አትጀምሩ። ከመጨረሻው ትንሽ ገባር፣ አንድ ሰዓት በእግር ከምንጩ እስከ መገናኛው ከምትጨርሱት ጀምሩ። ጥር ላይ አብራችሁ ሂዱበትና አፈር፣ ከብት፣ መርጫ፣ ቱቦ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። አሥር ቦታ ካገኛችሁ አብዛኛው ጉዳት ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ከብት የሚወርድበት ገደል፣ ሌላው ከመንገድ ቦይ የጀመረ ቦረቦር ነው። በእነዚያ ላይ ብቻ አንድ በጋ ሥሩ። ባለመሬቶቹን ከስብሰባ በፊት በየቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ቡና እየጠጣችሁ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ የቬቲቨር ችግኝ ከየት እናገኛለን?

መግዛት አያስፈልጋችሁም። አሮጌ የቡና ማሳ ድንበር ላይ ወይም የመንገድ ዳር ላይ ያለ አንድ ጉቶ ፈልጉ፤ በጅማ ሞልቷል። ባለቤቱን ጠይቁ፣ ግማሹን በዶማ አንሡ፣ ግማሹን ተዉለት። ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ሥሩንም አሳጥሩ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት አገዳ እያደረጋችሁ በእጅ ገንጥሉት። ዝናቡ እንደገባ ተዳፋቱን አግድም በሚያቋርጥ መስመር፣ በየጭብጡ ርቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉ። ክፍተት ከተዋችሁ ውሃው በዚያች ክፍተት ይወጣል። የመጀመሪያውን ዓመት ከብት አታስጠጉበት።

ሰኔ ላይ ስትተክሉ ጥሩኝ፣ ዶማ ይዤ እመጣለሁ።